ፕሪንተር ሞልቶ ለኪ ሲታጣ፦ በበጎ ፈቃደኞች አውታር ስለሚሠሩ ሰው ሠራሽ እጆች የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ በአጭሩ

ኢኔብል የሚባለው አውታር በ3ዲ ፕሪንተር (ፕላስቲክ እያቀለጠ በንብርብር ቅርጽ በሚሠራ ማሽን) ሰው ሠራሽ እጅ እያተሙ ጣት ወይም መዳፍ ለሌላቸው ሰዎች፣ በተለይም ለሕፃናት፣ በነፃ የሚሰጡ በጎ ፈቃደኞች የተሰባሰቡበት ነው። ፋብሪካም መጋዘንም የለውም። ያለው ማንም ሊያወርደው የሚችል የንድፍ ፋይል፣ በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ የተበተነ ፕሪንተር፣ እንዲሁም ጠያቂን ከሠሪ የሚያገናኙ ሰዎች ናቸው። አውታሩ ራሱ እንደሚገምተው ከ100 በላይ በሆኑ አገሮች ከ10,000 እስከ 15,000 የሚሆኑ ሰዎች እጅ አግኝተዋል። ቁጥሩ እንዲህ ሰፊ ግምት የሆነበት ምክንያት ከታች ይመጣል።

ሥራን ለብዙ ሰው አከፋፍሎ ለማሠራት የሚያስብ ሁሉ መጀመሪያ የሚጨነቀው ማሽንና ፈቃደኛ ሰው ስለማግኘት ነው። እዚህ ሁለቱም ከበቂ በላይ ተገኙ። አውታሩን የፈተነው በፋይሉና በተቀባዩ መካከል ያለው ሥራ ነው፦ መለካት፣ ማረጋገጥ፣ ማገናኘት፣ ከርክክብ በኋላም መከታተል። በዚህ ጽሑፍ ግለሰቦችን በስም አንጠራም፤ ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መነሻው

በ2011 አሜሪካ የሚኖር አንድ የትርኢት ቁሳቁስ ሠሪ፣ ለትርኢት የሠራውን ትልቅ የሚታጠፍ ሜካኒካል እጅ የሚያሳይ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። በዚያው ዓመት ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ውስጥ ጣቶቹን በመጋዝ አደጋ ያጣ አናጢ ቪዲዮውን አይቶ ጻፈለት። ሁለቱ በኢሜይልና በስካይፕ እየተመካከሩ ለአናጢው የሚሆን ጣት ሲሞክሩ፣ ያለ ጣት የተወለደ የ5 ዓመት ልጅ እናት እርዳታ ጠየቀቻቸው። ለልጁ የሠሩት እጅ ሐሳቡ ቀደም ያለ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውስትራሊያ፣ አዴሌድ ውስጥ ከዓሣ ነባሪ አጥንት፣ ከትናንሽ ፑሊዎችና ከአንጀት ክር የተሠራ እጅ ነበር፤ መነሻ ያደረጉት እሱን ነው።

መጀመሪያ ክፍሎቹ በእጅ ይሠሩ ነበር፤ አንዱ የሠራውን ሌላው ለመሞከር ዕቃው ውቅያኖስ መሻገር ነበረበት። ሜከርቦት የተባለው የፕሪንተር አምራች ለእያንዳንዳቸው አንድ ፕሪንተር ሲሰጣቸው ግን መላላኩ ከዕቃ ወደ ፋይል ተለወጠ። በጃንዋሪ 2013 ፋይሉን ያለ ፓተንት ለሕዝብ ለቀቁት።

አውታሩ የተመሠረተው ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጁላይ 2013 ነው። አሜሪካ ባለው የሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠራ ተመራማሪ ስለ እጁ በተለቀቀ ቪዲዮ ሥር «ፕሪንተር አለኝ፣ ማገዝ እፈልጋለሁ» የሚሉ አስተያየቶችን አየ። የኢንተርኔት ካርታ ከፍቶ ማገዝ የሚፈልግ ሁሉ ያለበትን ቦታ እንዲያመለክትበት ጋበዘ፤ ጎን ለጎን ጉግል ፕላስ በተባለው የጉግል ማኅበራዊ መድረክ ላይ ቡድን ከፈተ። ካርታውና ቡድኑ ምንም ወጪ አልጠየቁም። የፕሪንተሩን ባለቤት ከጎረቤት ከተማ ጠያቂ ጋር ለማገናኘት ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከዚያ በላይ አላስፈለገም።

እጁ የሚሠራበት መንገድ

እጁ ሞተርም ባትሪም የለውም። ለባሹ የእጅ አንጓውን ወደ ታች ሲያጥፍ፣ ክንዱ ላይ ከታሰረው ክፍል የሚነሱት የማይለጠጡ ክሮች ተወጥረው ጣቶቹን ይዘጋሉ። አንጓው ሲቃና በጣቶቹ ጀርባ ያለው ላስቲክ መልሶ ይከፍታቸዋል። ስለዚህ ለባሹ የተወሰነ መዳፍና የሚታዘዝ አንጓ ሊኖረው ይገባል፤ አንጓው ቢያንስ 30 ዲግሪ ያህል መታጠፍ አለበት። አንጓ ለሌለው ሰው በክርን የሚንቀሳቀስ የተለየ ንድፍ ያስፈልጋል። ይህን ሳይጠይቁ ማተም የጀመሩ ሰዎች ሥራቸው በሙሉ ከንቱ ሆኖባቸዋል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ «አንጓው ይታጠፋል?» የሚል የሆነው ለዚህ ነው።

በብዛት የተሠራባቸው ንድፎች ክፍሎች እነዚህ ናቸው፦ አምስት የጣት ጫፎች፣ አምስት የጣት ሥሮች፣ መዳፍ፣ የክንድ መያዣ፣ የክር መወጠሪያ እና ማጠፊያዎቹን የሚይዙ ፒኖች። ከገበያ የሚገዛው የዓሣ ማስገሪያ ክር፣ ላስቲክ፣ ቬልክሮና ፎም ነው። በ2015 በአንድ ሳይንሳዊ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የአንዱን ንድፍ የቁሳቁስ ወጪ 50 ዶላር ገደማ አድርጎ አቅርቦታል። የሠሪው ሰዓት እዚህ ውስጥ የለም፤ «የ50 ዶላር እጅ» የሚለው አጠራር ያሳሳተውም በዚህ ነው።

ንድፉን ለደካማው ፕሪንተር ማስማማት

የመጀመሪያዎቹ ንድፎች የተሠሩት ንድፍ አውጪው ዘንድ ላለ ፕሪንተር ነበር። አውታሩ ሲሰፋ ያው ፋይል በደንብ በተስተካከለ ማሽንም፣ ቀበቶው በላላ አሮጌ ማሽንም መታተም ጀመረ። ሦስት ችግሮች ተደጋገሙ።

አንደኛው የብረት ብሎን ነው። አንድ አገር በቀላሉ የሚገኝ ብሎን ሌላ አገር በዚያ ልክ አይሸጥም። ከዚህ የባሰው ግን መጠን ሲቀየር የሚመጣው ነው። እጁ ለትልቅ ልጅ ሲሆን ሙሉ ፋይሉ በመቶኛ ይሰፋል፤ ቀዳዳውም አብሮ ይሰፋል። 3 ሚሊሜትር የነበረ ቀዳዳ በ130 በመቶ 3.9 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ብሎኑ ግን ያው 3 ሚሊሜትር ነው። ጣቱ ወደ ጎን ይወላገዳል፣ ክሩም አቅጣጫውን ይስታል።

ሁለተኛው ክፍተት ነው። ፒንና ቀዳዳ እንዲዞሩ በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት ይተዋል። መጠኑ ሲቀነስ ክፍተቱ አብሮ ይቀንሳል፤ የፕሪንተሩ ስሕተት ግን አይቀንስም። ማሽኑ 0.2 ሚሊሜትር የሚስት ከሆነ በትንሹም በትልቁም እጅ ላይ የሚስተው 0.2 ነው። ለዚህ ነው የትንሽ ሕፃን እጅ ማጠፊያው የሚነክሰው፣ ማለት ተጣብቆ አልዞር የሚለው። መፍትሔው ቀዳዳውን በፑንታ ማጽዳት፣ የጣቱን ጎኖች በብርጭቆ ወረቀት መሸርሸር ነው። ጣቱ ያለ ላስቲክና ያለ ክር በራሱ ክብደት ብቻ ታጥፎ እስኪወድቅ ድረስ ሥራው አላለቀም። እዚህ ላይ የተተወ ሰበቃ በኋላ በክር ውጥረት አይሸነፍም፤ ልጁ አንጓውን ባጠፈ ቁጥር ይከፍለዋል።

ሦስተኛው የሕትመት ድጋፍ ነው። አየር ላይ የሚንጠለጠል ቅርጽ ያለው ክፍል ድጋፍ ታትሞለት በኋላ ይፈለቀቃል፤ በክሩ መተላለፊያ ውስጥ የቀረ የድጋፍ ቁራጭ ደግሞ ክሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

በ2014 በአውታሩ ውስጥ ያሉ ንድፍ አውጪዎች የየራሳቸውን ሥራ አዋሕደው ራፕተር የተባለውን እጅ ሲያወጡ እነዚህን ችግሮች ነበር ያነጣጠሩት። ክፍሎቹ ያለ ድጋፍ እንዲታተሙ ተደርገው ተቀረጹ። ብሎኑ ቀርቶ በታተመና ተጭኖ በሚገባ ፒን ተተካ፤ ፒኑ ከቀዳዳው ጋር አብሮ ስለሚሰፋ የመጠን ጣጣው ቀረ። ይህ በእኛ ግምት የአውታሩ ትልቁ የምህንድስና ውሳኔ ነው። የታተመ ፒን ከብረት ይደክማል፣ ይሰበራልም፤ ግን ፋይሉ ያለው ሁሉ ሌላ ማተም ይችላል። ንድፉ ግን ሌሎች እርማት ሊጨምሩበት አስቸጋሪ ነበር። ራፕተር ሪሎድድ የተባለው ቀጣይ ስሪት እጁን እንደገና በአንድ የንድፍ ሶፍትዌር ውስጥ ከባዶ ሠርቶ በቀላሉ የሚታረመውን የንድፉን ምንጭ ፋይልም አብሮ ለቀቀ። ከዚያ የመጣው ፊኒክስ በዚሁ መሠረት ላይ ቀጠለ።

ልኬት በፎቶ

ሠሪና ለባሽ ብዙ ጊዜ በአካል አይገናኙም። ቤተሰቡ ሁለቱንም እጅ ከማስመሪያ አጠገብ አስቀምጦ ከላይ ፎቶ ያነሳል፤ ሠሪው ከፎቶው ይለካል። ስሌቱ ቀላል ነው። የመዳፉ ስፋት ላይ በሁለቱም ጎን ለፎም የሚሆን ቦታ ይደመርና በንድፉ የውስጥ ስፋት ይካፈላል። ለምሳሌ መዳፉ 64 ሚሊሜትር፣ ፎሙ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር፣ የንድፉ የውስጥ ስፋት 56 ሚሊሜትር ቢሆን 70 ለ56 ሲካፈል 125 በመቶ ይሰጣል።

ስሕተቱ የሚገባው በፎቶው ነው። ማስመሪያው ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ፣ የሚለካው የእጁ ክፍል ከጠረጴዛው 3 ሴንቲሜትር ከፍ ካለ፣ እጁ ለካሜራው ይቀርባል። ስልኩ በ30 ሴንቲሜትር ርቀት ከተያዘ እጁ በ11 በመቶ ገደማ ተልቆ ይታያል፤ ያ 125 በመቶ የነበረውን ወደ 140 የሚጠጋ ያደርገዋል። በ1.5 ሜትር ርቀት ተነስቶ በዙም ቢቀርብ ግን ስሕተቱ 2 በመቶ ነው። ለቤተሰብ የሚላከው መመሪያ ላይ «ማስመሪያ አስቀምጡ» ብቻ ብሎ መተው አይበቃም። ከሩቅ ይነሳ፣ ማስመሪያው በእጁ ከፍታ ላይ ይሁን፣ የመዳፉ ዙሪያም በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካና ይጻፍ። ሁለቱ ልኬቶች ካልተስማሙ ማተም አይጀመርም።

ስፋቱ ትክክል ሆኖም እጁ ላይሠራ ይችላል። የመዳፉና የክንዱ መያዣ የሚገናኙበት ማጠፊያ ከልጁ አንጓ ማጠፊያ ጋር በአንድ መስመር ካልዋለ፣ አንጓው ሲታጠፍ መያዣው ክንዱ ላይ ይንሸራተታል፤ ክሩን ሊወጥር የነበረው እንቅስቃሴ በመንሸራተቱ ይባክናል። ስለዚህ ከአንጓ እስከ መዳፉ ጫፍ ያለው ርዝመት የግድ ይለካል።

መገጣጠምና ማረጋገጥ

የክንድ መያዣው በአንዳንዶቹ ንድፎች ጠፍጣፋ ሆኖ ይታተምና ሙቅ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይታጠፋል። የተለመደው ፒኤልኤ ፕላስቲክ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ስለሚለሰልስ ይህን ማድረግ ይቀላል። ሲሞቅ የሚታጠፈው ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም ይታጠፋል፤ ይህ ለቤተሰብ በጽሑፍ ካልተነገረ የመጀመሪያው ብልሽት የሚመጣው ከዚያ ነው።

ላስቲኩ መጀመሪያ ይገባል፣ ጣቶቹ ይከፈታሉ፣ ከዚያ ክሩ ይሰካል። ክሩ የተጠለፈ ቢሆን ይመረጣል፤ ነጠላው የናይለን ክር ቋጠሮው ይንሸራተታል፣ ጥቂትም ይለጠጣል። ላስቲኩን ማጥበቅ ጣቱን በፍጥነት ይከፍተዋል፤ ግን ልጁ ሲጨብጥ የሚያሸንፈው ኃይል እሱው ነው። የሚበቃው ጣቱን የሚያቃና ዝቅተኛው ውጥረት ነው። ፈተናው እንዲህ ነው፦ አንጓው ቀጥ ሲል ሁሉም ጣት ክፍት ይሁን፤ 30 ዲግሪ ሲታጠፍ የጠቋሚና የመሃል ጣት ጫፍ አውራ ጣቱን ይንካ። የታተመ ፕላስቲክ ስለሚያንሸራትት ጣቶቹ ጫፍ ላይ ወረቀት ለሚቆጥሩ ሰዎች የሚሸጠው የላስቲክ ቆብ ይገባል፤ ትንሽ ነገር ነው፣ ጠርሙስ በመያዝና ባለመያዝ መካከል ያለው ልዩነት ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

አውታሩ አዲስ በጎ ፈቃደኛ ከጠያቂ ጋር ከመገናኘቱ በፊት የፈተና እጅ ሠርቶ በፎቶና በቪዲዮ እንዲያሳይ መጠየቅ ጀመረ። ልምድ ያላቸው ሰዎች አይተው ያጸድቃሉ ወይም ያርማሉ። ይህ አሠራር ከጽሑፍ መመሪያ ሁሉ የበለጠ ጥራትን ጠብቋል፤ የሕትመት ንብርብሮቹ ያልተያያዙበት ጣት በቪዲዮ ላይ ሲታጠፍ ወዲያው ይታወቃል።

ማገናኘት፦ አውታሩ የጠበበበት ቦታ

በካርታው የተጀመረው ቀጥታ መገናኘት ሰው ሲበዛ አልቻለም። ምልክት አድርጎ የጠፋ ሠሪ፣ ለሦስት ሰው ጽፎ ከሦስቱም እጅ የሚጠብቅ ቤተሰብ፣ ለባሹ ንድፉ የማይሆነው መሆኑን ያላጣራ ሠሪ ተበራከቱ። የጥያቄ ቅጽ ተዘጋጀና ቅጹን አንብበው ሰው ከሰው የሚያገናኙ በጎ ፈቃደኞች ተመደቡ። ከዚያ ወረፋው እነሱ ዘንድ ተከማቸ። ማተም ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ቅጽ ማንበብና ምላሽ ያልሰጠን ሰው መልሶ መጠየቅ ግን እንዲያ አይደለም፣ ስለዚህም የሚሠራው ሰው ጥቂት ነበር።

በሌላ በኩል ሠሪዎቹ ከጠያቂዎቹ እጅግ በለጡ። የፈተና እጁን ጨርሶ ጠያቂ የማይደርሰው ፈቃደኛ ወይ ይተዋል፣ ወይ ማንም ያልጠየቀውን እጅ ማተሙን ይቀጥላል። በግምት መጠን በጅምላ የታተመ እጅ ለኤግዚቢሽን ያምራል፤ ያለ ልኬት ግን የሚገጥመው ሰው በአጋጣሚ ነው።

የሠራውና ያልሠራው

በሴፕቴምበር 2014 በባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በተደረገ ጉባኤ የሰው ሠራሽ አካል ባለሙያዎችና ፕሪንተር ያላቸው ፈቃደኞች ተገናኙ። ባለሙያ አጠገቡ ያለው ሠሪ ቆዳ የሚላጥበትንና ደም የሚታገድበትን ቦታ ቀድሞ ያውቃል፤ ለብቻው የሚሠራው የሚያውቀው ልጁ ሲያለቅስ ነው። በ2015 ከአውታሩ ጋር የተያያዘ ፋውንዴሽን ከጉግል የበጎ አድራጎት ክንፍ 600,000 ዶላር አገኘ። ገንዘብ ማዕከል ይጠይቃል፣ አውታሩ ደግሞ ያደገው ማዕከል ሳይኖረው ነው፤ ሁለቱን ማስማማት ቀላል አልነበረም።

በቁሳቁስ በኩል የእጁ ጭበጣ ደካማ ነው። ቀላል ዕቃ ይይዛል፤ ከባድ ነገር ለማንሳት ወይም ወድቆ ለመደገፍ አይሆንም። ልጅ ያድጋል፣ እጁ ይጠበዋል። አንዳንዱ ልጅ እጁን ለብሶ ትምህርት ቤት ካሳየ በኋላ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ በራሱ መዳፍ ሥራውን ስለሚያፈጥን ነው። ይህ የግድ ውድቀት አይደለም፤ ግን ካልተጠየቀ አይታወቅም። ፋይሉ ነፃ ስለሆነ አትሞ ለሰጠ ሰው ለማንም የማሳወቅ ግዴታ የለበትም። የተሰጡትን እጆች ቁጥር በትክክል የሚያውቅ የሌለው፣ ስንቶቹ ከስድስት ወር በኋላ እንደሚለበሱም የማይታወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በኤፕሪል 2019 ጉግል ፕላስ ለሕዝብ አገልግሎት መስጠቱን አቆመ። የዓመታት ጥያቄና መልስ፣ የትኛው ክር እንደሚበጠስና የትኛው መጠን እንደሚነክስ የተከማቸው እውቀት በሌላ ሰው መድረክ ላይ ነበር። አውታሩ ወደ ራሱ መድረክ ተዛወረ፤ ሰዎቹን ማዛወር የእውቀቱን ያህል አልከበደም።

ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

ተመሳሳይ አውታር ለልብስ ስፌት፣ ለቤት ዕቃ መለዋወጫ ወይም ለመማሪያ መሣሪያ የሚያቋቁም ሰው ሁሉን መቅዳት የለበትም። እነዚህን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቢያስገባ ይጠቅመዋል።

ሙሉ ምርት ከመጠየቅ በፊት ትንሽ የመፈተኛ ቁራጭ ይላክ። እዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ማጠፊያ፣ ማለት አንድ ፒንና አንድ ቀዳዳ፣ ይበቃል። ፕላስቲኩ ጥቂት ግራም ነው፣ የማሽኑን ስሕተት ግን ከሙሉው እጅ እኩል ያሳያል።

የንድፉ የስሪት ቁጥርና የታተመበት መቶኛ እያንዳንዱ ዋና ክፍል ላይ ተቀርጾ ይውጣ። ወረቀት ይጠፋል፤ ከዓመት በኋላ የተሰበረ ጣት በፎቶ ሲመጣ ምን እንደሚታተም የሚነግረው የተቀረጸው ነው።

ለኪ፣ አታሚ፣ ገጣጣሚና መርማሪ አንድ ሰው እንዲሆኑ አይጠበቅ። ፕሪንተር የሌለው ጥሩ ለኪ ከአምስተኛው ፕሪንተር ይልቅ ያስፈልጋል። ምልመላው ይህን በግልጽ ይበል፤ «ፕሪንተር ያላችሁ ኑ» ከተባለ የሚመጡት አታሚዎች ብቻ ናቸው። የአዲስ ፈቃደኛ ቅበላም በጠያቂው ብዛት ይመጠን።

ርክክብ ላይ ክትትሉ የማን እንደሆነ በስም ይጻፍ፤ በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ6ኛው ወር «ስንት ጊዜ ለበሰው? ምን ተሰበረ? የት ቆዳውን ያሻል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኑር። ከእጁ ጋር የጥገና ከረጢት ይላክ፦ 2 ሜትር ክር፣ ግማሽ ሜትር ላስቲክ፣ ሁለት የጣት ጫፎች፣ ስድስት ፒን፣ አምስት የላስቲክ ቆብ፣ ትርፍ ፎም። አብሮት አንድ ገጽ ወረቀት፣ የስሪቱ ቁጥር፣ መቶኛው፣ የፕላስቲኩ ዓይነትና ከሙቀት እንዲጠበቅ የሚል ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት። ቤተሰቡ ፒኑን ራሱ ይለውጣል፤ የትኛው ፒን እንደተሰበረ ግን ክትትሉን ለሚያደርገው ሰው ይንገር። ያው ፒን ከተለያዩ ቤቶች ደጋግሞ ከተነገረ የሚታረመው ፋይሉ ነው።